የእመት አዛለች ዘመዶች

በየከተማው ሳይጠሯት የምትመጣ አንዲት ደግ ሴት አትጠፋም፤ ከእሷም ማምለጫ የለም። ስትታመም ልብስህን ወንዝ ወስዳ ታጥባለች። ስታኮርፋት ደጅህን ጠርጋ ትሄዳለች። በጣሊያን ጊዜ ለሶዶ የደረሷት ክብርት እመት አዛለች ነበሩ፤ "ቁጣው ይቆይ፤ መጀመሪያ ብላ" ባይዋ።

እኔ መዝገብ ጠባቂ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ያልተረጋገጠ ዝምድና እንዳልጽፍ ነው። ስለዚህ እመት አዛለችን መውደድ ቸግሮኝ ኖሯል። ውሸታም ነበሩ።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. የሶዶ እስረኛ የሚበላው ዘመዱ ያመጣለትን ብቻ ነው። ዘመድ የሌለው በቃሬዛ ይወጣል። ብሩ የሚባለው ዘበኛ በር ላይ "ምንሽ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ባዕድ አያስገባም። እመት አዛለች ወንጌል ካመኑ ወዲህ ገበያ ላይ "ቅቤዬ የሰነበተ ነው" እያሉ ገዢ የሚያባርሩ ሰው ናቸው። እዚያ በር ሲደርሱ ግን ያለ ሀፍረት ይዋሻሉ። ጉራጌው ነጋዴ "አጎቴ ነው"፤ ከሰሜን የመጣው ወታደር "የእናቴ ልጅ"፤ በዕድሜ የሚበልጣቸው ሽማግሌ ሳይቀር "ልጄ"!

"አንቺ ሴትዮ፣ እናትሽ ስንት አገር ዞራ ነው የወለደችው?" ይላል ብሩ።

"ደክሟት ነው እንጂ አንተንም ትወልድህ ነበር። ክፈት!"

ብሩ ይስቃል፤ ይከፍታል።

አባቴ ወልደመስቀል የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ለአርበኞች ወረቀት አቀበልክ ተብሎ ታሰረ፤ ወንድሞቹ ፈርተው ተሸሸጉ። የእመት አዛለችን የእምነት ወገኖች "የፈረንጅ ጸሎተኞች" እያለ ሲያላግጥ የኖረ ሰው ነው። ምግብ ካየ አራተኛ ቀኑ ላይ እመት አዛለች ቆጮ በጎመን ይዘው ደረሱ።

"ወንድሜ ነው።"

ያን ቀን በር ላይ የቆመው ጣሊያኑ ሹም ነበር። አባቴን አስጠርቶ በአስተርጓሚ ጠየቀው፤ "እህትህ ናት?"

አባቴም እንደ እኔ ለእውነት ጥንቁቅ ነው። "አይደለችም። አላውቃትም" አለ።

እመት አዛለችን እዚያው አስተኝተው ገረፏቸው። ቆጮው ጭቃ ውስጥ ተረገጠ።

በማግስቱ መጡ። ጀርባቸው አልሸከም ስላለ ቅርጫቱን በደረታቸው አቅፈውታል። "ወንድሜ ነው" አሉ። ሹሙ እንደገና አባቴን ጠየቀው። ይህን የነገረኝ አባቴ ራሱ ነው።

"እህቴ ናት።"

ቅርጫቱን ተቀብሎ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት፤ "ልቅሶው ይቆይ፤ መጀመሪያ ብላ።"

አባቴ ከሰባት ወር በኋላ በእግሩ ወጣ። እመት አዛለች ግን የጀርባቸው ቁስል አመርቅዞ ክረምቱን አላለፉም።

ባለፈው ወር አባቴን ቀበርኩ። ቤት ተመልሼ የቤተሰባችንን መዝገብ ከፈትኩና የሞተበትን ቀን ጻፍኩ። ከዚያ በእህቶቹ ረድፍ "አዛለች" ብዬ ጨመርኩ። ማስረጃ በሚለው ዓምድ ሥር፦ "በራሱ በሟቹ ቃል የተረጋገጠ።"