አንድም ጭረት ያልነካው ጥሩር

የንብረት አጠባበቅ ጥበብ የመጨረሻ ከፍታው ላይ የደረሰው በአንድ ቤት ሳሎን፣ ሶፋ ላይ መሆኑን ትውልድ እንዲያውቀው በአክብሮት እንገልጻለን።

ባለ ታሪኩ ጡረታ የወጡ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ቁልፍ ከወገባቸው ስላልተለየ ሰፈሩ ጋሽ ቁልፉ ይላቸዋል። በእሳቸው ዘመን ለዘበኞች አርባ የዝናብ ልብስ ተገዝቶ ነበር። ዘበኞቹ አሥራ አንድ ክረምት ሲበሰብሱና ሲያስሉ ከረሙ እንጂ ከዝናብ ልብሶቹ አንዱንም ጠብታ ውሃ አልነካውም። ጋሽ ቁልፉ ጡረታ ሲወጡ አርባውንም ከነላስቲኩ አስረክበው የምስጋና ወረቀት ተቀበሉ። ወረቀቱ ዛሬም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱም ከነላስቲኩ ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብራቸው የምትኖረው የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ታብሌት አስይዛ እሷ በኮምፒውተር የምትጫወተውን ጨዋታ አስተማረቻቸው። በጨዋታው ውስጥ ሰፊ ዓለም አለ፤ መሬት ይቆፈራል፣ ቤት ይሠራል፣ ሲመሽ ዞምቢ የሚሉት የሚራመድ ሬሳ ይመጣል። ይህን ሥሩ፣ ያንን ተዉ የሚል አለቃ ግን የለም። ጋሽ ቁልፉ ደነገጡ። ዕቃውን ማን እንደሚረከብ ጠየቁ። ማንም አይረከብም። ቦታው ክፍት ሆኖ ስላገኙት ራሳቸውን መደቡ።

ልጅቷ ሁለት ወር ሙሉ ቆፈረች። መጀመሪያ ለውጊያ የሚለበስ የቆዳ ጥሩር ሠራች፣ ከዚያ የብረት፣ ከዚያ የአልማዝ። በመጨረሻ ከጨዋታው የእሳት ባሕር ሥር ጥቁር ብረት አውጥታ አሻሻለችው፤ ከነራስ ቁሩ፣ ከነሱሪውና ከነጫማው ቀስት የማይበሳው፣ ነበልባል የማይልሰው ሆነ። ጋሽ ቁልፉ ችቦ እየያዙ አጅበዋታል፤ ያወጣችውንም እያንዳንዷን ነገር መዝግበው ሣጥን ውስጥ ቆልፈዋል።

የልጅቷ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ዕረፍቱ ሳያልቅ የጨዋታውን የመጨረሻ ጠላት፣ ዘንዶውን፣ መግደል። ፋርማሲስቷ እናቷ ሰኞ ትምህርት ሲከፈት ኮምፒውተሩ ቁም ሣጥን ገብቶ እስከሚቀጥለው ዕረፍት እንደማይወጣ ተናግራለች፤ የተናገረችውን ደግሞ አታጥፍም። የቀረው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው።

«አባባ፣ ጥሩሩን ይስጡኝ። ዛሬ ዘንዶው ጋ ልሂድ» አለች ልጅቷ።

«ቅጽ ሞልተሻል?»

ሞልታለች። ከደብተሯ ገንጥላ፣ በሦስት ቅጂ። ዕቃው የተፈለገበት ምክንያት ከሚለው አንጻር «ለመልበስ» ብላ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፋለች። ጋሽ ቁልፉ መነጽራቸውን አስተካክለው ካነበቡ በኋላ መለሱላት።

«ለመልበስ ምክንያት አይሆንም፣ የኔ እናት። ሁሉም ለመልበስ ነው የሚፈልገው።»

ቀጥለውም በሰፊው አስረዷት። ጥሩር በተመታ ቁጥር ያረጃል። ለባሹ ከሞተ ደግሞ የለበሰው ሁሉ መሬት ላይ ይበተናል። ባደረጉት ጥናት መሠረት የጥሩር ዋነኛ ጠላት ውጊያ ነው፤ ስለዚህ ጥሩርን ከውጊያ መጠበቅ የግምጃ ቤቱ ተቀዳሚ ተግባር ይሆናል። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ሆነው፣ ለልጅቷ ሰጥተዋት ቢገላገሉ ምን እንደሚጎድልባቸው ጠየቁ። ጋሽ ቁልፉ ግን ግምጃ ቤቱ ዛሬ በቆጠራ ምክንያት ዝግ መሆኑን አሳወቁ። እውነትም በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቅለው ነበር።

ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ በሸሚዟ፣ በእንጨት ሰይፍ፣ ውሻዋን አስከትላ ወጣች።

ጋሽ ቁልፉ ቆጠራውን ጀመሩ። የራስ ቁሩን፣ ጥሩሩን፣ ሱሪውንና ጫማውን ከሣጥኑ አውጥተው ወለሉ ላይ በተርታ አስቀመጡ። በሩንም ወለል አድርገው ከፈቱት። የድሮ ግምጃ ቤታቸው መብራት ስላልነበረው በር ከፍቶ መቁጠር ልማዳቸው ነው፤ አምፖሎቹ ከነካርቶናቸው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ መዝገቡ አጎነበሱና ጠቅላላ ድምሩን በአኃዝም በፊደልም አሰፈሩ፤ 4፣ አራት።

ቀና ሲሉ ወለሉ ባዶ ነው። በጨዋታው ዓለም መሽቶ ኖሯል፤ አንድ ዞምቢ በተከፈተው በር ገብቶ ከራስ ቁር እስከ ጫማ ለብሶ ፊታቸው ቆሟል። እውነቱን ለመናገር ልክክ ብሎለታል። ጋሽ ቁልፉን በአንድ ምት አሰናበታቸውና ወደ ደጅ ወጣ።

ልጅቷ በጨዋታው ከተማ መውጫ በር ላይ አገኘችው። በእንጨት ሰይፏ ሃያ ሁለት ጊዜ መታችው፤ አንድም ጭረት አልወጣበትም። ሥራዋ እንዲህ ጥሩ መሆኑን ያየችው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ውሻዋ ሞተ፣ ቀጥሎ እሷ። እናቷም ሰዓቱን አይታ መጣችና ኮምፒውተሩን ዘግታ ወሰደችው። ዘንዶው እስከሚቀጥለው ዕረፍት በሰላም ሊኖር ነው።

ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አያቷን ትክ ብላ ታያቸው ጀመር። እንዲህ ያለ ዓይን ከዘበኞቹ በቀር ማንም አሳይቷቸው አያውቅም።

«አባባ፣ ጥሩሩን ለዞምቢው ማን ሰጠው?»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያለ ቅጽ የወጣ ዕቃ የለም፤ ዛሬም አይኖርም። ጋሽ ቁልፉ እስክሪብቷቸውን አወጡና አዲስ ቅጽ ሞሉ። ተረካቢ በሚለው ላይ ዞምቢ ብለው ጻፉ። የተፈለገበት ምክንያት የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዙ አሰቡ። ሐቀኛ ሰው ናቸውና ያዩትን ጻፉ፤ ለመልበስ። ከሥሩም «ጸድቋል» ብለው ፈረሙ።

ልጅቷ የእሷን ቅጽና የዞምቢውን ቅጽ ጎን ለጎን ይዛ አነበበች።

«ምክንያታችን አንድ ነው። የእሱ ለምን ጸደቀ?»

ጋሽ ቁልፉ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እሱማ አልጠየቀኝም» አሉ።