ባሕር ሳይሻገሩ የተሾሙት አምባሳደር

በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን፣ ወንበሩ የእንጨት ይሁን የፕላስቲክ፣ አንድ አምባሳደር አይጠፋም። ሹመቱን የሰጠው የለም፤ ስለዚህ የሚሽረውም የለም። ምልክቱ ቀላል ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ባሕር ማዶ የምትረዳው ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ካለ፣ ስለዚያ ቦታ ከላኪውም ከተላኪውም በላይ የሚያውቅ፣ ራሱ ግን ከከተማው አውቶቡስ መጨረሻ ፌርማታ አልፎ የማያውቅ ሰው ፈልጉ። ብዙም አትደክሙም፤ እሱ ራሱ መጥቶ ያገኛችኋል።

የአንዲት ኤሌክትሪሺያን ምእመን ዕጣ ግን ከሌላው ሁሉ የከበደ ነበር። ሌላው ምእመን አምባሳደሩን የሚያገኛቸው እሑድ እሑድ ነው። እሷ ግን ቁርስም ላይ ራትም ላይ ታገኛቸዋለች፤ የባሏ አባት ናቸዋ!

ክቡር አምባሳደሩ ጡረታ የወጡ ጎሚስታ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጎማ ሲለጥፉና ሲነፉ፣ መንገደኛውን "በሰላም ግባ" እያሉ ሲሸኙ ኖረው፣ እሳቸው እዚያው ኮምፕሬሰራቸው አጠገብ ቀሩ። ታዲያ ቤተ ክርስቲያናቸው ባሕር ማዶ፣ አንድ ትልቅ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ቦታ ላይ ትንሽ ክሊኒክ ከፍታ አንዲት ነርስ ስትልክ፣ በልባቸው አብረው ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲያ አልወረዱም። "ያላዩት አገር አይናፍቅም" ብሎ የተረተው ሰው እሳቸውን አላገኛቸውም።

ነርሷን ሁሉም ሰው "ሲስተር" ይላታል። ሲስተር አልፎ አልፎ የድምፅ መልእክት ትልካለች። መልእክቱ የሚመጣው በኤሌክትሪሺያኗ ስልክ ነው፤ የባሕር ማዶ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ እሷ ናትና። የተመረጠችውም የአዳራሹን መብራት ሳታማርር ስለጠገነችና ስብሰባ ላይ ስለማታወራ ነው። ስልኩ ቤት ሲገባ ግን የሷ መሆኑ ያበቃል፤ ኤምባሲ ይሆናል። አምባሳደሩ ይቀበሏታል፣ ጓዳ ገብተው በራቸውን ዘግተው ይሰማሉ፣ መልስም ይልካሉ። እሷ ሽንኩርቷን እየከተፈች ትጠብቃለች።

ሲወጡ የመጀመሪያው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እዚያ እኮ…"

ከ"እዚያ እኮ" የሚያመልጥ ነገር አልነበረም። ሾርባው ጨው በዛበት ያለ ሰው "እዚያ እኮ ጨው በጀልባ ነው የሚመጣው" ይባላል። ወገቧን አሟት የተኛች ጎረቤት ሊጠይቁ ሄደው፣ "እዚያ እኮ አንዲት እናት ጀልባ ላይ መንታ ወልዳ፣ ራሷ ቀዝፋ ነው ቤቷ የገባችው" አሏት። ምስኪኗ በሽተኛ ይቅርታ ጠይቃ ተነሥታ ተቀመጠች። አንድ ጊዜማ የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት "ሲስተር አሁን ምን እየሠራች እንደሆነ እንድናውቅ" ብለው በዚያ አገር ሰዓት ሞሉት። አውቶቡስ ነጂው ልጃቸው ሰዓቱን አምኖ ከአልጋው ዘሎ ቢሄድ፣ ጋራዡ ተዘግቶ ጠበቀው። ሲመለስ አባቱን ምንም አላላቸውም። ሚስቱን ግን፣ "እኔ ከዛሬ ጀምሮ የትኛው አገር እንደምኖር ንገሪኝ" አላት።

ለክሊኒኩ አልባሳት ሲሰበሰብ በሩ ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ከጉምሩክ ይብሳሉ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የሆነው ሰው፣ ደልደል ያለ የሱፍ ካፖርት ይዞ መጣ።

"ይሄ ለማን ነው?" አሉት አንገትጌውን በሁለት ጣት አንሥተው።

"ለተቸገረ ነዋ፣ አባቴ።"

"እዚያ እኮ ሰው ሸሚዙን ጨምቆ ነው የሚያሰጣው፤ ከላቡ! ይሄን ማን ይልበሰው? አዞው?"

ካፖርቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ሲጸልዩም እንደዚያው ናቸው፤ እግዚአብሔር አድራሻው የጠፋበት ይመስል፣ "ጌታ ሆይ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ቀጥሎ ያለችውን ጎጆ ተመልከት፤ ከፊት ለፊቷ ያለችውን አይደለም፣ እሷስ ደህና ናት" ይላሉ።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው ሽማግሌዎቹ የክሊኒኩን ነገር ያነሡ ዕለት ነው።

"ማናችን አየነው?" አለ ሰብሳቢው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ካፖርቱም አላስቀየመውም። "ይሄን ያህል ዘመን ስንረዳ ከኖርን ይበቃል። ሲስተርም ደክማለች፤ ወደ አገሯ ትመለስ። እዚህም ችግረኛ አለ።"

ነገሩ ለጉባኤው ሊቀርብ ተወሰነ። ሲስተር ለአጭር ዕረፍት መጥታ ስለነበር፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ትናገራለች፣ ከዚያ ክሊኒኩ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ተብሎ እጅ ይወጣል። ኤሌክትሪሺያኗ እንቅልፍ አጣች። እሷም አገሩን አላየችውም፤ ግን ሲስተርን ታውቃለች። ሲስተር "ይህን ያህል ፋሻ ላኩልኝ" ካለች ፋሻው ማለቁ ነው እንጂ ማጋነን አይሆንላትም። ይህች ዝምተኛ ሴት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ልትቆም ነው፤ ደግሞም አምባሳደሩ መሀል ገብተው ሊያርሟት ነው። አለቀ።

"አባባ፣ እሑድ ምንም እንዳይናገሩ" አለቻቸው ራት ላይ።

"እኔ? እኔ መች ተናግሬ አውቃለሁ?"

ባሏ የሚጠጣው ውኃ ትን አለው።

ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ስለገባት በሙያዋ መጣች። እሑድ ጠዋት አምባሳደሩን አዳራሹ መጨረሻ፣ የፊውዝ ሳጥኑ አጠገብ አቆመቻቸውና አንድ ማብሪያ አሳየቻቸው።

"ይቺ ላልታለች አባባ። በጣት ተደግፋ ካልተያዘች ድምፅ ማጉያው ይጠፋል። እርስዎን እንጂ ማንን አምናለሁ?"

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። አምባሳደሩ ግን ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጣታቸውን ማብሪያዋ ላይ አሳርፈው፣ ቤተ መንግሥት እንደሚጠብቅ ወታደር ቀጥ አሉ።

ሲስተር ተነሣች። ማይክሮፎኑን የያዘችው ሊወድቅባት እንደ ደረሰ ብርጭቆ ነው።

"ሰላም ለሁላችሁ። ሥራው… ደህና ነው። እናቶች ይመጣሉ። ይወልዳሉ። ይመለሳሉ።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "እግዚአብሔር ይመስገን።"

ወንበሯን በዓይኗ ፈለገች። በቃ፤ ይሄው ነበር። ሰብሳቢው ቀስ ብሎ ከመቀመጫው መነሣት ጀመረ። 

"በስንተኛው ክፍል ነው የሚወልዱት?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ኤሌክትሪሺያኗ መዞር አላስፈለጋትም።

"በሁለተኛው" አለች ሲስተር።

"በሦስተኛው ነው! ሁለተኛውማ የክትባት ነው።"

"ኧረ አባቴ፣ የሦስተኛውን ጣራ ነፋስ ወሰደው።"

"ጣራውን? እኔ ሳልሰማ?" አምባሳደሩ ማብሪያዋን ለቀቁና ወደፊት መራመድ ጀመሩ። ድምፅ ማጉያው አልጠፋም። በመንገዳቸው ምራታቸውን አንዴ አዩአት፤ እሷ ጫማዋን አየች። "የት ወሰደው?"

"ወንዙን አሻግሮ ሰው አጥር ላይ ጣለው። ባለ አጥሩ ደግሞ 'ከሰማይ የወረደልኝን አልመልስም' አለ።"

"ማን? ያ ባለ ፍየሎቹ?"

"እሱ!"

"አውቄዋለሁ! ድሮም እጁ አያርፍም!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሲስተርም ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ማይክሮፎኑን እንደ ሰው ያዘችው።

"ክትባቱስ?"

"ዛፍ ሥር ነው። ሕፃናቱ አንዱ ሲያለቅስ ሁሉም ይቀበለዋል፤ መዘምራን አያስፈልገንም።"

"መብራቱስ ልጄ?"

"ሽቦው ከጣራው ጋር ሄደ። ጨለማ ላይ ምጥ የያዛት ስትመጣ ዘበኛችን የእጅ ባትሪ ይይዙልኛል። ሽማግሌ ናቸው፣ ጨዋ ናቸው፤ እናትየዋን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ባትሪውን ወደ ኋላቸው ነው የሚይዙት። እንግዲህ ብርሃኑ አንዴ ጣራ ላይ ነው፣ አንዴ ጆሮዬ ላይ።"

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ነበር። ሲስተር ግን በዚህ መሀል መሳቅ አቆመች።

"አንድ ቀን የባትሪው ድንጋይ አለቀ" አለች። "በእጄ እየዳሰስኩ አዋለድኩ። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር… በጣቴ ነው ያገኘሁት።" መዳፏን አየችው። "ደህና ናት። አሁን ትድሃለች።"

 አምባሳደሩም እንኳ የሚያርሙት አላገኙም።

ሰብሳቢው እንደ ቆመ ነበር። "እንግዲህ" አለ፣ ደጋግሞ መነጽሩን እየጠረገ፣ "እኔ እንዳየሁት ቆጠርኩት።" እጅ ይውጣ ሳይል እጅ ወጣ። ከዚያ ዓይኑ ሰብሰብ ብላ ወደ ተቀመጠችው ሴት ሄደ። "ኤሌክትሪሺያንስ አለችን አይደል እንዴ?"

ምእመኑ በአንድ አንገት ወደሷ ዞረ። ለጣራውም ለሽቦውም እሷ እንድትሄድ እዚያው ተወሰነ። አንድ ደግ ሰው አምባሳደሩም አብረው ይሂዱ ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ፣ እሳቸው በድንጋጤ ተነሡ።

"እኔ ከሄድኩ፣ እዚህ ለእናንተ ማን ይነግራችኋል?"

ቤት ሲደርሱ ኮታቸውን እያወለቁ፣ "ለመሆኑ ያቺ ማብሪያ የምን ነበረች?" አሏት።

"የማራገቢያው ናት አባባ።"

"የተበላሸው?"

"አዎ።"

"ጎበዝ ነሽ" አሉ። ምርቃት ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልለየላትም።

ኤሌክትሪሺያኗ ባሕሩን ተሻገረች። ታንከሩ እንዳሉት ነበር፤ ጎጆይቱም። ባለ ፍየሎቹ ጣራውን እንደ አጥር እያሳመረው ነበር። አዲስ ቆርቆሮ ተመታ፣ እሷም ቱቦ ዘረጋች፣ ሽቦ ሳበች፣ ማከፋፈያ ገጠመች። መሰላሉን የሚይዙላት፣ ፒንሳና ካቻቢት የሚያቀብሏት ዘበኛው ነበሩ። ቋንቋ ስለማይግባቡ፣ ሲስተር እያለፈች በመሀል ታስተረጉማለች።

"የቤተ ክርስቲያናችሁ በር አረንጓዴ ነው አይደል?" አሉ ዘበኛው አንድ ቀን።

"ኧረ ሰማያዊ ነው። በላዩ ያለውን አምፖል የሰቀልኩት እኔ ነኝ።"

ዘበኛው እንደማዘን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አረንጓዴ ነው።"

ትዝ አላት። ቀለሙ ሳይቀየር አረንጓዴ ነበር። መሰላሉ ላይ ሆና ሳቋ መጣ፤ ለካ ለዚህኛውም ዳርቻ አምባሳደር ተሹሞለታል!

"አባባ በድምፅ የሚልኩትን ሁሉ ተርጉሚልኝ ይሉኛል" አለች ሲስተር። "እንዲያውም በየማለዳው ለአባባ ግራ ጉልበት ይጸልያሉ።"

"ቀኙ ነው የሚያማቸው" አለች ኤሌክትሪሺያኗ።

ሲስተር አስተረጎመች። ዘበኛው የራሳቸውን ግራ ጉልበት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

ኤሌክትሪሺያኗ ሥራዋን ቀጠለች፤ ግን ብሎኑ አልገባ አላት። ቀኝ ነው? ደረጃ ሲወርዱ በየትኛው ይቀድማሉ? ከወንበር ሲነሡ የቱን ይይዛሉ? የቤታቸውን ሽቦ ሁሉ፣ ከግድግዳ ውስጥ ያለውን ሳይቀር፣ በቃሏ ታውቃለች። ይህን አታውቅም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደወለች።

"አባባ፣ የሚያምዎት የትኛው ጉልበት ነው?"

"ባሕር ማዶ ሄደሽ የምትጠይቂው ይሄንን ነው? ግራው ነዋ!"

"ዘበኛው ነው የነገሩኝ።"

"እሳቸውማ ያውቃሉ" አሉ በኩራት። "ዓይናቸውስ? ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖባቸው የለ? እኔ እኮ ማታ ማታ ለሱ ነው የምጸልየው።"

ኤሌክትሪሺያኗ ዘወር አለች። ዘበኛው አዲሱ አምፖል ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ብርሃኑን እንደ ሙሽራ ያዩታል። ያን ሁሉ ቀን መሰላሏን ሲይዙ፣ ዓይናቸውን አንድም ቀን ልብ ብላ አላየችውም። ቀረብ ብላ፣ ጎንበስ ብላ አየች። እሳቸውም ግራ ቢገባቸው ፈገግ አሉላት።

"ቀኙ አይደለም አባባ" አለች። "ግራው ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ፊታቸው ቆሜ!"

"በማን ግራ? በአንቺ ነው በሳቸው?"

"በሳቸው አባባ፣ በሳቸው ግራ!"

 ቀጥሎ አምባሳደሩ አፋቸውን ከስልኩ አርቀው ቤተሰቡን ሲጠሩ ተሰማት።

"ኑ እስቲ፣ ሁላችሁም ኑ! ጸሎቱን ወደ ግራ እናዞረዋለን!"