ግድግዳ መዝጋቢው ጋሽ ቆይማ

በየትኛውም ከተማ፣ ሰው ሥራውን ሊጀምር ሲል “ቆይማ!” የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የኛው ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ሰፈርተኛው ስማቸውን ትቶ “ጋሽ ቆይማ” ይላቸዋል። ማንም ሳይሾማቸው፣ በከተማው ግድግዳዎች ላይ የተሳለውን ሁሉ ይመዘግባሉ። ፎቶ አያነሱም። “ስልክ ዛሬ አለ፣ ነገ ውኃ ውስጥ ይወድቃል” ባይ ናቸው። ሥዕሉን በእርሳስ ይነድፉና በስንዝር ለክተው፣ የእያንዳንዱን ነገር ቀለም ከጎኑ ይጽፋሉ። እስካሁን አሥራ አንድ ደብተር ሞልተዋል።

ፍዳውን የሚያየው ሕዝቡ ነው። ባለሱቁ ግድግዳው ላይ ያስደገፈውን ፍራሽ እንዲያነሳ ይታዘዛል፤ ባለታክሲው መኪናውን ሦስቴ ያንቀሳቅሳል። አንድ ጊዜ ሙሽሮች ሥዕል ተደግፈው ፎቶ ሲነሱ ክቡርነታቸው ደረሱ።

“ሙሽሪት፣ ተባረኪና ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ። የወፏን እግር ሸፍነሽብኛል።”

ሙሽሪት ፈቀቅ አለች። ሚዜዎቹም ልኬቱ እስኪያልቅ ተገትረው ጠበቁ።

በጣም የተማረረው ግን የሰፈሩ ቀለም ቀቢ ነበር። እሱ የሚኖረው እሳቸው የሚመዘግቡትን በማጥፋት ነው፤ ባለቤቶች አሮጌው ሥዕል ሲሰለቻቸው “በክሬም ቀለም አልብስልኝ” ይሉታል። ብሩሹን ነክሮ እጁን ሲያነሳ ከጀርባው “ቆይማ! ሳልጽፈው!” ይሰማል። ሲጠብቅ ሲጠብቅ ባልዲው ውስጥ ያለው ቀለም ላዩ ይደርቅበታል። “እኚህ ሰውዬ ያሳብዱኛል” እያለ ማታ ማታ ሚስቱን ያደነቁራት ነበር።

ባለፈው ወር ተራው የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሆነ። እዚያ ላይ ለዳቦ የተሰለፉ አርባ ሰዎች ተስለዋል፤ ብዙው ሰፈርተኛ እናቱን ወይም አጎቱን ከሰልፉ መሀል ያገኛል። ጋሽ ቆይማ ግን ከቤታቸው ፊት ለፊት ስለሆነ “የትም አይሄድም” እያሉ ሳይመዘግቡት ቆይተዋል። አዲሱ የዳቦ ቤት ባለቤት እስከ ቅዳሜ ክሬም ይሁንልኝ ሲል፣ እሳቸው የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ ሆስፒታል ገብተዋል።

ቀለም ቀቢው መሰላሉን አቆመ፤ ብሩሹን ነከረ። ዞር ብሎ አየ፤ የሚከለክለው የለም። ደስ ሊለው ሲገባ “ቆይማ!” የሚለው ድምፅ ናፈቀው። ብሩሹን መልሶ አስቀመጠው።

“ምን ትጠብቃለህ?” አለው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ማክሰኞ ዕለት።

“ግድግዳው እርጥበት አለው፣ ጌታዬ።”

ዝናብ ጠብ ካለ ሁለት ወር አልፎታል። ሐሙስ ዕለት ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ዳሰሰው። “ደረቅ ነው እኮ!”

“ላዩን አይመኑት። ውስጡን እኔ ነኝ የማውቀው።”

“ቅዳሜ ካላለቀ ሌላ ሰው አመጣለሁ!”

ቅዳሜ በጠዋቱ ጋሽ ቆይማ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ እህታቸውን ተደግፈው ከች አሉ። መነጽሩን አወለቁና ሰልፉን አፍጥጠው አዩት።

“የዚች ሴትዮ ቀሚስ ሰማያዊ ነው እንዴ?”

“ሰማያዊ ነው፣ ጋሼ።”

“ሁልጊዜ ቡናማ ነበር እኮ የማየው!”

አርባውንም ሰው እየሳቁ፣ እየተደነቁ መዘገቡ። ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ጠቆረ። በአሥራ አንዱም ደብተር ባሕሩም ሰማዩም “ቡናማ” ተብሎ የተጻፈው ለካ በሞራው ምክንያት ነው። “የቆሙትን ዞሬ አርማለሁ” አሉ። “የጠፉትንስ ከየት አመጣቸዋለሁ?”

ቀለም ቀቢው የድሮዎቹን ደብተሮች ከፊት ለፊት ካለው ቤታቸው አስመጥቶ ሁለት ባዶ ባልዲ ገለበጠ፤ በአንዱ አስቀመጣቸው፣ በሌላው ተቀመጠ።

“ይጻፉ። ጸጉር ቤቱ ጋ የነበረው ፈረስ ብርቱካንማ ነው፤ ሁለቴ ቀብቼ ነው የሸፈንኩት። የልብስ ሰፊዋ ጽጌረዳ ደማቅ ቀይ፤ እሷማ በሦስተኛውም አልጠፋ ብላኝ ነበር።”

አራተኛው ደብተር ላይ ሲደርሱ ባለቤቱ ሌላ ቀለም ቀቢ ይዞ መጣ። የኛው ቀለም ቀቢ አዲሱ ሰው መሰላሉን እንዲወስድ በእጁ አመለከተውና ወደ ጋሽ ቆይማ ዞረ።

“ድልድዩ ሥር የነበረችው ልጅ ጃንጥላዋ ሐምራዊ ነው፣ ጋሼ። እሷን ሳጠፋ አልቅሻለሁ።”