ቃሊቲ ገባሁ

በእኛ ሰፈር ስም እንደ ቦኖ ውሃ የጋራ ነው፤ ጀሪካኑን ይዞ የመጣ ሁሉ ይቀዳል። ቃሊቲ ብትሉ ሰፈር ነው፤ መናኸሪያም ነው፤ ጉምሩክም ነው። የታክሲ ረዳቱ ቃሊቲ፣ ቃሊቲ እያለ ቀኑን ሙሉ ሲጣራ ማንም አይደነግጥም። ክፍለ ሀገር ላለ ዘመድ ግን ቃሊቲ አንድ ነገር ብቻ ነው። የብረት በር ያለው።

ይህን የተማርኩት የሳሪስ አቦ ቤት ኪራይ አባሮኝ ወደዚህ የመጣሁ ሰሞን ነው። ደሴ ላለችው አክስቴ ለዘሀራ ደወልኩና «ቃሊቲ ገባሁ» አልኳት። ቤት ተከራይቼ ልል ስል ስልኬ ጠፋ። መብራት ከሄደ ሰንብቶ ነበርና ቻርጅ የለም። ወላጆቼ ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በሶዋንና ቅቤዋን ቋጥራ በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። ምን አጥፍቶ ይሆን ብላ ተጨንቃለች እንጂ፣ ሳያጠፋ ይሆናል ብላ ለአፍታም አልጠረጠረችም። አሳዳጊ ሰውን ያውቃል።

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ከጠያቂዎች ጋር ተሰለፈች። ማንን ነው ሲሏት ስሜን ጠርታ ሰይድ አሊ አለች። እንግዲህ ወሎ ገበያ መሀል ቆማችሁ ሰይድ አሊ ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ገበያ ይዞራል። እዚህስ እንዴት ይታጣል? ተጠራ። መጣ።

ከአጥሩ ማዶ የቆመው ግን ጸጉሩ የሸበተ ረጅም ሰውዬ ነው።

«አንተ የኔ ልጅ አይደለህም» አለችው።

«አውቃለሁ እናቴ» አላት። «እዚህ ከገባሁ ስሜ ለጠያቂ ተጠርቶ አያውቅም። ማን ይሆን ብዬ ነው የወጣሁት።»

አክስቴ ስለ አገሩ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ አወሩ። በሶውንና ቅቤውን አስፈትሻ አንድም ሳታስቀር ለእሱ አስገባችለት።

ወጥታ እንደገና ስትደውል መብራት መጥቶ ስልኬ ተከፍቷል። የት ነህ አለችኝ። ቤቴ ነኝ፣ ቃሊቲ አልኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«አመለጥክ እንዴ?» አለችኝ።

ሮጬ ሄጄ አመጣኋት። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ቀጥሎ እስኪበቃት ሰደበችኝ። የተከራየኋትን ክፍል ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእርምጃ ለካቻት። አከራዬ ደንብ ይወዳሉ፦ የግቢው በር በጊዜ ይዘጋል፣ ውሃ በተራ ነው፣ ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው፣ እንግዳ አያድርም። አክስቴን ለማሳደር እንኳ ደጃቸው ቆሜ ለምኜ ነው ያስፈቀድኩት፤ እሷ ሁሉንም ሰምታለች።

በማግስቱ መናኸሪያ ስሸኛት ያንን ሰይድ እየሄድክ ጠይቀው ብላ አስማለችኝ። እሺ አልኳት። ሰው የሌለው እስረኛ በእውነት ያሳዝናል ብዬም ጨመርኩ።

አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ያሳዘንከኝስ አንተ ነህ» አለች። «እሱ የሚወጣበትን ቀን ያውቃል።»