አልጋችን ዝም ያለ ዕለት

አባቴ «ገጥመህ ስትጨርስ ነቅንቀው፤ ከጮኸ አልገጠመም» ይል ነበር። እሱም እንደ እኔ አናጢ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። እኔ የሰው አልጋ ሁሉ ነቅንቄ ነው የማስረክበው። የራሴንስ? የራሴንማ ተዉት!

ለሠርጋችን የሠራሁት አልጋ ነው። ክረምት ላይ፣ ባልደረቀ ባሕር ዛፍ፣ በጥድፊያ። በጋ ሲመጣ እንጨቱ ደረቀና የመጋጠሚያው ምላስ ቀዳዳው ውስጥ መወዛወዝ ጀመረ። ትንሽ ገልበጥ ካላችሁ፣ ሲጢጥ! ባለቤቴ አስናቀች «የአናጢ ሚስት መሆኔን ሰፈሩ በጆሮው አወቀ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ነገ እሠራዋለሁ እላለሁ። ነገ ደግሞ የደንበኛ በር ይመጣል።

ደርግ በወደቀ በሁለት ሦስት ዓመቱ፣ ላፍቶ ተከራይተን ስንኖር፣ አስናቀች ከቦኖ ውሃ ስታመጣ ወደቀች። ወገቧን። ሐኪሙ ተኚ፣ ግን በአንድ ጎንሽ አትቆዪ፣ ቶሎ ቶሎ ተገላበጪ አላት። እሺ አለች። ቤት ስትገባ ግን እንደ ግንድ ተጋድማ ቀረች።

«ኧረ ተገላበጪ!»

«አልገላበጥም።»

ጣቷን ወደ ጭቃው ግድግዳ ቀሰረች። ከማዶ በዚያው ሳምንት አዲስ ተከራይ ገብቷል። ፊቱን አላየነውም፤ ሳሉን ብቻ ነው የምናውቀው።

«ሁዳዴ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ! በጾም ምን እያደረጉ ነው ይለናል?»

እስቲ አሁን ምን ይባላል? ግድግዳውን አንኳኩቼ «ወንድሜ፣ ወገቧን አሟት ነው» ልበለው? ሰው ሳይጠየቅ እንዲህ ካለ የባሰ ያስጠረጥራል። እሷ ለይሉኝታዋ ስትል ጥርሷን ነክሳ ታድራለች። ሕመሙ ሲብስባት ብቻ ትገላበጣለች። አልጋው ሲጢጥ፣ እሷ «እመብርሃን!»። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ይገኛል።

መጀመሪያ አልጋውን ሰም ቀባሁት። ከዚያ ሳሙና። ትንሽ ዝም ይልና ይጀምራል። በመጨረሻ የደንበኛውን በር ትቼ፣ እሷን ከነፍራሿ መሬት አውርጄ፣ አልጋውን ፈታሁት። ከደረቅ ጥድ አዲስ ምላስ ቀረጽኩ። በመሮ ላጥ፣ ለካ፣ ደግሞ ላጥ። በጭንቅ ሲገባልኝ ሽብልቅ መታሁበት። ውዳሴ ማርያሜን በልቤ እያልኩ ነቀነቅኩት። ዝም! አባቴ በኖረ ብዬ እንባዬ መጣ።

የዚያን ሌሊት አስናቀች እንደ ልቧ ተገላበጠች። እንቅልፍም ወሰዳት።

ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ጋቢ የለበሰ፣ በጠርሙስ ጠበል የያዘ የማላውቀው ሰው ቆሟል። ሲስል ጊዜ አወቅኩት።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ። ‹ተገላበጪ› ሲሏቸው በግድግዳው እሰማ ነበር። አልጋው ሲጮህ ‹ተመስገን፣ ተገላበጡ› እል ነበር። ዛሬ ዝም ሲልብኝ ጊዜ ፈራሁ። ባለቤትዎ ደህና አደሩ?»