የኪሮስ ዓሦች ጾም

ዓሣ ላይ ሎሚ የሚጨመቀው ለምን ይመስልሃል? ለጣዕም ነው ካልከኝ የዋህ ነህ። እኔም እንዳንተ ነበርኩ። የባለቤቴ ወንድም ኪሮስ ዓሣ ማርባት ከጀመረ ወዲህ ግን ገባኝ። ሎሚው፣ ሚጥሚጣው፣ አዋዜው፣ ይሄ ሁሉ የኩሬውን ጠረን ለመሸፈን የሚላክ ሽማግሌ ነው።

ኪሮስ ባንክ ቤት ነበር የሚሠራው። ክራቫት አስሮ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው። አንድ ቀን ሥራውን ለቀቀና ከአያት ሰፈር ወዲያ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማርባት ጀመረ። ለእኛ ነገረን፤ ለእናቱ ግን አልነገረም። አማቴ አደይ ለተብርሃን ልጃቸው አሁንም ባንክ የሚሠራ፣ ዓሣውን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ የሚዝናናበት ይመስላቸው ነበር። እናት "ልጄ ባንክ ነው" ስትል እንዴት ተደላድላ እንደምትቀመጥ አይተህ ከሆነ ለምን እንደደበቃቸው አይጠፋህም።

ዓሦቹ አደጉ፣ ወፈሩ። ኪሮስ አትላስ አካባቢ ላለች አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ናሙና ይዞላት ሄደ። ሴትዮዋ አስጠብሳ ቀመሰችና ሹካዋን አስቀመጠች። "የኔ ወንድም፣ ዓሣህ ያምራል። ግን ጭቃ ጭቃ ይላል" አለችው። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት አስተካክሎ ካመጣ የጾሙን ወቅት ሙሉ ከእሱ እንደምትወስድ፣ አለዚያ ወደ ሐይቅ ዓሣ ነጋዴዎቿ እንደምትመለስ ነገረችው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። በሁዳዴ ገዢ ያጣ ዓሣ አርቢ ግን በበዓል ዋዜማ በጉን ይዞ እንደሚመለስ ነጋዴ ነው። ኪሮስ ደግሞ ያለውን ሁሉ ኩሬው ውስጥ ከትቷል።

ጠየቀ፣ አነበበ፣ መድኃኒቱን አገኘ። ዓሣው ከመሸጡ በፊት ለጥቂት ቀን ንጹህ ውሃ ውስጥ ምንም ሳይበላ መቆየት አለበት። ውሃው እየተቀየረ፣ ሆዱ እየጸዳ ሲሄድ የጭቃው ጣዕም ቀስ በቀስ ከሥጋው ይወጣል። ከበላ ግን ውሃው መልሶ ይቆሽሻል፤ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ንጹህ የጉድጓድ ውሃ ያለው ደግሞ የት ነው? ገርጂ፣ እኛም የምንኖርበት የአደይ ግቢ። የአንድ ትልቅ የፕላስቲክ ታንከር አናቱን ቆርጠን ዓሦቹን አስገባን።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። አደይ ግቢ የገባ ፍጡር ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም። ቆጣሪ አንባቢው እንኳ እኛ ሰፈር ሲመጣ የእኛን ቤት ለምሳ ሰዓት ያቆየዋል።

ቀኑ ደርሶ አንዱን ዓሣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም ቀቅለን ቀመስን። ጭቃ! ኪሮስ ታንከሩ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የእንጀራ ፍርፋሪ ተንሳፍፏል። አደይ ምንም አልደበቁም። "ሲያዩኝ አፋቸውን ይከፍታሉ። ታዲያ ምን ላድርግ?" አሉ።

ኪሮስ ብልጥ ነኝ ብሎ፣ "አደይ፣ እነዚህ እኮ ጾም ላይ ናቸው" አላቸው። ደስ አላቸው። የሚጾም ማንም ይሁን ማን ያከብራሉ። ውሃውን ቀይረን እንደገና ጀመርን። እንዲያውም ጠዋት ዳቦዬን እየገመጥኩ ወደ ታንከሩ ስጠጋ፣ በሚጾም ፊት አይበላም እያሉ ይቆጡኝ ጀመር።

እንደገና ቀመስን። አሁንም ጭቃ! ሁዳዴ ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ የኪሮስ ፊት አመድ መስሏል። በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብዬ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? አደይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሽሮ የራሰ እንጀራ በሳህን ይዘው፣ እየቆረሱ ወደ ታንከሩ ይጥላሉ። ምነው፣ ይጾማሉ ተብሎ አልነበረም ወይ አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም? መፍቻ የሌለው ጾም የት አገር ነው ያለው?"

መልስ ካለህ ንገረኝ።

ኪሮስ ሲመጣ ነገርኩት። መሳቅ ጀመረና መሃል ላይ ተወው። ከዚያ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ እውነቱን አወጣው። ባንኩን ከለቀቀ መቆየቱን፣ ያለው ነገር እነዚህ ዓሦች ብቻ መሆናቸውን። "እነዚህ ካልተራቡ ጦሜን የማድረው እኔ ነኝ" አላቸው። አሁን ቤቱ ይደበላለቃል ብዬ ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ። አደይ ግን ወደ እሱ ዞር ብለው፣ "ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻህን?" አሉት። ስለ ባንኩ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ከዚያ ወዲያ አደይ ራሳቸው ታንከሩ አጠገብ ወንበር አስወጥተው ዘብ ሆኑ። ውሻው እንኳ በዚያ በኩል ማለፍ ተወ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ኪሮስ ዓሣውን ይዞ አትላስ ሄደ። ሴትዮዋ ቀመሰች፣ ደገመች፣ አጥንቱን ብቻ አስቀረችና ከነገ ጀምሮ እንዲያመጣ ነገረችው።

እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው ይባላል። ኪሮስ እውነቱን ከተናገረ ወዲህ ግን የሚመሽበት አደይ ማዕድ ላይ ብቻ ሆነ። "ጦሜን አድራለሁ" የሚል ቃል አንዴ እናት ጆሮ ከገባ የሚወጣ መሰለህ? ለዓሦቹ ይቆረስ የነበረው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ለመንገድ የሚቋጠር አለ፤ መፍቻ ሰዓት የሚባል ነገር ለእሱ አይሠራም። ትናንት የሱሪውን ቁልፍ ለመቆለፍ ትንፋሹን ይዞ ሲታገል አገኘሁት። ዓሦቹስ ጸድተው ተሸጡ። አሁን ታንከሩ ውስጥ ጥቂት ቀን መሰንበት ያለበት ኪሮስ ነው።