ሽማግሌዎቼና የጊንጆዋ ሰርቨር

ሁሉን ከሚያውቅ ሰው ይልቅ፣ ሁሉ ነገር የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይሻላል። ይህን የምለው ስለ ራሴ ነው፤ ትሕትና ድሮም አይሆንልኝም። ጅማ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፤ ዳይሬክተሪ ሰርቨር የተባለውን ጌታ የማገለግለው እኔ ነኝ። ምን ይሠራል አሉ? ኮምፒውተርዎ ፕሪንተሩ የት እንዳለ አያውቅም። ስሙን ብቻ ይዞ «የሬጅስትራር ፕሪንተር ወዴት ነው?» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ሰርቨሩም መዝገቡን አይቶ አድራሻውን ይነግረዋል፤ በቃ። ግን ነቢይ አይደለም። ዕቃውን አዛውረው ዝም ካሉት፣ የድሮውን አድራሻ በሙሉ ልብ ይናገራል።

ለዚህ ነው የሬጅስትራር ጸሐፊዋ ሰሚራ ፕሪንተሩን ሳትነግረኝ ሌላ ሕንፃ የወሰደችው ቀን፣ ኮሌጁ በሙሉ እስኪሰማ የጮኽኩባት።

ሰፈሬ ጊንጆ ደግሞ ሰርቨሯ አዴ ዘሃራ ናቸው፤ መታጠፊያው ላይ ያለችው ትንሽ ሱቅ ባለቤት። የቤት ቁጥር እኛ ዘንድ ለመታወቂያ እንጂ ለእንግዳ አያገለግልም፤ ባጃጁም ዘመዱም የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ስለዚህ የምወዳትን ሐያትን ለጋብቻ እንዲጠይቁልኝ ከቤተሰቤ አገር ከደዶ ሦስት ሽማግሌዎች ሳስመጣ፣ እንደ ባለሙያ ተኮፍሼ፣ የሐያትን አባት የሐጂን ቤት አዴ ዘሃራን ጠይቁ አልኳቸው። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም መቼም። የሐያት አባት ቀጠሮ ላይ ቀልድ አያውቁም፤ ይህ ቅዳሜ ካለፈ ሌላ ቅዳሜ የለም ብለዋል።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። በአረንጓዴው በር ገብተው፣ በልተው ጠጥተው፣ በወጉ መሠረት የልጅቱን ስም ሳይጠሩ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለዋል፤ የእኔንም ስምና ሥራ አስረድተዋል። የቤቱ ጌታም በወጉ መሠረት ከልጄ ልማከር፣ ለሳምንት ተመለሱ ብለዋቸዋል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ከወንበሬ ዘለልኩ። ገና ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ። ሐያት ናት፤ ታለቅሳለች። አባቷ በግ አርደው ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ሲያዩ ዋሉ፤ ማንም አልመጣም።

አረንጓዴ በር! እነሐያት ከአረንጓዴው በር ከወጡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ አዲሱ ቤታቸው በሩ ሰማያዊ ነው። አዲሱ ተከራይ ደግሞ እንደ ዕድሌ እሳቸውም ሐጂ፣ እሳቸውም የሴት ልጅ አባት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

እየበረርኩ አዴ ዘሃራ ሱቅ ደረስኩ። ምነው ጉድ ሠሩኝ ብዬ ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ለካ ልጃቸው ወልዳ፣ ሁለት ሳምንት ሰርቦ ከተማ ሰንብተው የተመለሱት ትናንት ነው፤ የቤት ለውጡን አልሰሙም።

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ሐጂ ቤት ሲቀይሩ ቁም ሳጥኑን ማን ተሸከመ?» አሉኝ።

እኔ ነኛ። አባቷ ይዩኝ ብዬ ብቻዬን ነው የተሸከምኩት፤ ወገቤ እስካሁን ይመሰክራል።

«ታዲያ ስመለስ ነገርከኝ?»

በሰሚራ ላይ የጮኽኩት ጩኸት ዞሮ መጣብኝ።

የሐያት አባት ደጄን እንዳይረግጥ አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ሐያትን አጥቼ፣ በዚያ ላይ የአረንጓዴው በር ሐጂ እሺ ቢሉስ? በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ አረንጓዴው በር ሄዱ። የዚያ ቤት ሐጂ ግን ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደሟቸው፤ ልጄ አልፈልግም ብላለች፣ ምን ላድርግ አሏቸው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ያልጠየቅኳት ልጅ እምቢ አለችኝ!

ወሬው በአዴ ዘሃራ በኩል ሰማያዊው በር ደረሰ፤ አድራሻውን አሁን ያውቁታል። የሐያት አባት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይህን ምስኪን እኛም እምቢ ካልነው ማን ሊወስደው ነው ብለው፣ የለም ያሉትን ሌላ ቅዳሜ ሰጡኝ።

እምቢ ያለችኝ ማን ናት አሉ? ሰሚራ ናታ፣ የሬጅስትራሯ! ለአባቷ የሰጠችው ምክንያት ይህ ነው፦ «ፕሪንተር ሳልነግረው ባዛውር እንደዚያ የጮኸ ሰው፣ ድስት ባዛውርበት ምን ሊያደርገኝ ነው?»

ይህንንም ሐያት ሰምታለች። ከተጋባን ስድስት ወር ሆነን። የጨው ዕቃው በየሳምንቱ ቦታ ይቀይራል፤ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጠይቃለሁ።